አልገባኝም የሚል የለም

ሁስቢ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

የሂሳብ ትምህርቱን ድረ ገጽ ላይ ማስተማር የጀመርኩት እዚህ ሰው አገር በፈረቃ የሚሠሩት ተማሪዎቼ ከክፍል እየቀሩ ስላስቸገሩኝ ነው። አሁን የሚቀር የለም። ከየትምህርቱ ሥር ሁሉም «ገብቶኛል ጋሼ፣ እናመሰግናለን» ብለው ይጽፋሉ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ኪስታ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ተማሪዬን አልማዝን አገኘኋት። ስለ ክፍልፋይ ብጠይቃት መሬት መሬት ታይ ጀመር።

«ገብቶኛል ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ እርስዎ የደከሙበትን፣ ሰው ሁሉ እያየ አልገባኝም ልበል ጋሼ? ነውር አይደል?»

ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊቷን አይቼ እደግምላት ነበር። የሌሎቹንስ በምን ልወቅ? ፈተናው ሰኞ ነው። ቤት እንደገባሁ «የፈተናውን ቀን ላራዝመው ወይ?» ብዬ ገጹ ላይ ጻፍኩ።

ሁሉም መለሱ። «እርስዎ እንዳሉ፣ ጋሼ።»