ስም የማይጻፍበት ወረቀት

ቀበና፣ ኅዳር 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሸኖ ብርድ ዘንድሮ አልበረታብሽም? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከወንዙ የሚነሣው ጉም ጠዋት ጠዋት ያስለኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል። ፊደል ቆጥረሽ በራስሽ ዓይን ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ደስታዬ ሌላ ነው፤ ቃሌ በመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አፍ ሳያልፍ ይደርስሻል። ዛሬ ደግሞ በማንም አፍ ባያልፍ ይሻላል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ፤ ፈርቼው ከሥር አስቀምጬዋለሁ። ዘለሽ እንዳታነቢ፣ አደራ።

ነርስነቱን ልጨርስ ስል የጥናት ዕቅድ ጻፊ ተብዬ ፍዳዬን እያየሁ ነው። የጥናት ዕቅድ ማለት ምን መሰለሽ፤ ጥናቱን ከመጀመርሽ በፊት ማንን፣ ምን፣ ለምን እንደምትጠይቂ ጽፈሽ ለመምህራን ታቀርቢያለሽ። እሺ ካሉሽ ትወጫለሽ፤ እምቢ ካሉሽ ወረቀትሽን ታቅፈሽ ቁጭ ነው። የእኔው ጥያቄ፣ ከወንዝ በሚቀዱ ቤቶችና ከተራራ ሥር ካለ ምንጭ በሚቀዱ ቤቶች መካከል ሕፃን በብዛት የሚሞተው በየትኛው ነው የሚል ነው።

ፈረንጁ መምህራችን ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። የምጠይቃት ሴት ለምን እንደምጠይቃት ተነግሯት እሺ ማለት አለባት፤ መሐል ላይ ልተው ብትልም ማንም አያስገድዳትም። ይህ ገረመኝ፤ እስከ ዛሬ በሽተኛን አዝዤ እንጂ ጠይቄ አላውቅማ። ሌላው ደግሞ ስም አይጻፍም፤ ምስጢሯ እንዲጠበቅ ለእያንዳንዷ ቁጥር ይሰጣታል። ስም የሚጻፍበትን ቦታ በቀይ እርሳስ ሰረዙት።

ለሙከራ ከከተማው ዳር ካለችው ካራ ሄጄ አሥራ አምስት ቤት አንኳኳሁ። ስንት ልጅ ወልደሻል፣ ስንት ሞተብሽ እያልሁ ጠየቅሁ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ከአንዲት ሴት በቀር ልጅ የሞተባት የለችም። አንዷማ ልጅ እንደ በግ ይቆጠራል ወይ ብላ በሩን ዘጋችብኝ። መምህሩ ወረቀቱን አይተው ሳቁና፣ ካራ ላይ ሕፃን የማይሞት ከሆነ ምን ልታጠኚ ነው አሉኝ። እስከ ሰኞ የሚረባ ጥያቄ ካላመጣሁ ዕቅዱን እንደማያቀርቡልኝም ነገሩኝ። 

በማግስቱ ተመልሼ ሄድሁ። ጂቱ የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ደጃፏ ላይ ገብስ ታሰጣለች። የምለው ጠፍቶኝ ሕፃኑን ማን እንደምትለው ጠየቅኋት፤ ኢዶሳ አለችኝ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ምን ማለት ነው ብላት፣ በእሱ ቦታ ማለት ነው አለች። በማን ቦታ? ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጂቱ እጇን ከገብሱ አነሣች። ከዚያ ስለ ሁለቱ ታላላቆቹ ሁሉንም አወራችኝ፤ በየትኛው ወር እንደ ሞቱ፣ ምን እንዳመማቸው፣ የትኛው መሳቅ ጀምሮ እንደነበር። ከአንድ ቀን በፊት በቁጥር ስጠይቃት የለም ያለችኝ ይህችው ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ ስንት ሞተብሽ ማለት ተውሁ። ይህ ስም ለምን ወጣለት እላለሁ፤ እነሱ ይነግሩኛል። ምትኩ ከሚባል ልጅ ቤት አንድ ወጣ፤ ካሳ ከሚባል ልጅ ቤት ሦስት። አሥራ አምስቱን ቤት ስጨርስ ሕፃን የቀበሩት ዘጠኝ ሆኑ። ለካ ሴቶቹ ልጃቸውን በጠሩ ቁጥር ሲናገሩት ነው የኖሩት፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። መምህሩም ስሙ አይጻፍ፣ የወጣበት ምክንያት ግን ይጠየቅ ብለው ተስማሙ። ዕቅዴ ሰኞ ይቀርባል።

ደስ ብሎኝ ይህንኑ ለአከራዬ ለእትዬ የማርያምወርቅ ስዘረዝርላቸው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንቺስ ማስረሻ፣ ማንን ነው ያስረሳሽው?» አሉኝ። ሴት አያቴን ነዋ አልኋቸው። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ ስለ ተወለድሁ ነው ብለሽ ነግረሽኛላ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ዕድሜዋን ጠግባ ለሄደች አሮጊት ማስረሻ ተብሎ ስም አይወጣም» አሉ።

እናቴ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ስጠራ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የማላውቃትን ሴት ደጃፏ ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ያንቺን አላውቅም። አፈርሁ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ቀን ብቻሽን ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ። ልከተልሽ ስል ትቆጪኝ ነበር፤ ስለት ነው ትዪኝ ነበር። ይኸው እሱን ሳስብ ሦስት ቀኔ ነው።

እንግዲህ እንደ ዕቅዱ ወግ ልጠይቅሽ። የምጠይቅሽ ለጥናቱ አይደለም፤ ላውቅ ብዬ ነው። ካልፈለግሽ አትመልሺ፣ አልቀየምሽም። ጀምረሽ ከከበደሽም ተዪው። ከእኔ በፊት ማን ነበረ? ወንድሜ ይሁን እኅቴ እንኳ አላውቅም። ብዙ አትጻፊ፤ ስሙ ብቻ ይበቃኛል። በመምህሩ ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም፤ እኔ ግን በስሙ ልጠራው እፈልጋለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ለዓይን ሥጋ ያብቃን። ስም ያወጣሽልኝ እንዳስረሳሽ ነበር። ያስረሳሁሽ አይመስለኝም፤ ይቅር በይኝ።

ሁለተኛ ልጅሽ