የእትዬ ጽጌ ብርጭቆዎችና የሃሴት ቀጠሮ

ውድ እህቴ መቅደስ፣ ከሁሉ በፊት ማንም ሳይሰማብኝ ለአንቺ ብቻ አንድ ጉዴን ልናዘዝ፤ ግን ሰላምታው ይቅደም። እንደምን ሰነበትሽ? የጎንደር ብርድ ያመጣብሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? የባለቤትሽ የተስፋዬስ ወገብ ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጉዴ ይኸውልሽ። የአከራዬ የእትዬ ጽጌ ልጅ ሃሴት እሑድ ከጸሎት መልስ ግቢው ውስጥ ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንጎል ያጠናሁት እህትሽ ምን አደረግሁ? ሮጬ ክብሪት አምጥቼ አፍንጫዋ ሥር ጫርኩላት። ደግነቱ መንቀጥቀጡ በራሱ ተዋት። በጎኗ ማስተኛት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ስትወድቅ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ለነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስይዤላታለሁ፤ እትዬ ጽጌ ግን አልወስዳትም አሉ። ለሰው «ጨጓራዋ ነው» ይላሉ። በጁስ ቤታቸው ብርጭቆ የምታጥበው ሃሴት ናት፤ ሰፈሩ ደግሞ የሚጥል በሽታ በምራቅ ይተላለፋል ብሎ ያምናል። እንደማይተላለፍ ብነግራቸው፣ እሱን ለሰፈሩ ንገሪ አሉኝ።

ትናንት ጁስ ቤቱ ሄጄ የመመረቂያ ጥናቴን በራሳቸው ብርጭቆ አስረዳኋቸው። የአንጎል ነርቮች የሚነጋገሩት ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል በመሃላቸው እየለቀቁ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ አጠገባቸው ያሉ ግሊያ የሚባሉ ሴሎች የተረፈውን ቶሎ ሰብስበው፣ ለውጠው፣ መልሰው ይሰጧቸዋል፤ ልክ ሃሴት ባዶውን ብርጭቆ ለቅማ፣ አጥባ፣ ወደ ጁስ ማሽኑ እንደምትመልሰው። ካልተሰበሰበ ነርቮቹ ጫጫታቸውን አያቆሙም፤ ያን ጊዜ ሰው ሊወድቅ ይችላል። የሃሴት ከዚህ ይምጣ ከሌላ እኔ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ሐኪም የሚያስፈልጋት አልኳቸው።

ማንጎ እየላጡ ሰሙኝ። ከዚያ ቢላውን አስቀመጡና «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ ክብሪት ለምን ጫርሽ?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

ወደ እኔ ሳያዩ «እኔም እሱኑ ነው የምልሽ» አሉ።

እናትና ልጅን ሰው እንዳያያቸው ብዬ ባለ ባጃጁን ሽበሺን ለነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በጓሮ በር ቀጥሬዋለሁ። እትዬ ጽጌ እሺም እምቢም አላሉኝም። ሃሴት ግን ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በዓይኗ ትጠይቀኛለች።

ተስፋዬን ሰላም በይልኝ፣ የልጅሽን የኦሊያድን ጉንጭ ሳሚልኝ፣ የአማትሽን የእማማ ወለተጊዮርጊስን ጉልበት ሳሚልኝ። ፖስታውን አላሸግሁትም። ነገ የጓሮው በር ከተከፈተ ሐኪሙ ያለውን፣ ካልተከፈተም አለመከፈቱን፣ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጽፌ ነው የምልክልሽ።

እህትሽ ሩሀማ
ሀዋሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.