የዱስ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ለምን እንደሚሰደዱ

ጂንካ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለተገኝ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ሀዋሳ ድረስ ይድረስህ። እዚህ ዝናቡ በርትቷል፤ የኮሌጅ ተማሪዎቼም ፈተና ላይ ናቸው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ አልኩህ እንጂ ቅናት እያቃጠለኝ ነው፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን የኦሞ ዳሯን መንደር የዱስን ኑሮ በኮምፒዩተር የሚያስመስለውን ፕሮግራምህን በኢሜይል ልከህ፣ «ሊዱ፣ የዱስ ሰዎች ገና በመጀመሪያው ቀን መንደሩን ጥለው ይወጡብኛል፤ ምን ሆነው ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ፋይሉን ስከፍት ከላይ «ሰብለ እና ተገኝ» ይላል። ስሟ ቀድሞ! የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛህ መሆኗን አውቃለሁ። እዚህ ሳለህ ግን አንዲት መስመር ያለ እኔ አትጽፍም ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ስህተቱን ያገኘሁት ሻዬ ሳይበርድ ነው። ሰብለ የእያንዳንዱን አባወራ ሁኔታ ስታውጅ፣ ማለት ለኮምፒዩተሩ ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ ስትነግረው፣ የወንዝ ዳር መሬቱን ሙሉ ቁጥር አድርጋዋለች። ሙሉ ቁጥር ደግሞ ሌላ ቁጥር እስኪጻፍበት ድረስ ዜሮ ነው። ስለዚህ ኦሞ ገና ሞልቶ፣ የሚዘሩበት ዳርቻ ውኃ ውስጥ ሳለ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም መሬት አልባ ይላቸዋል። መሬት የሌለው ይሰደዳል ብላችኋል፤ ተሰደዱ። እሷ ዱስን አታውቅም፣ አልፈርድባትም። አንተ ግን በተጋባን ዓመት አብረን ሄደን የለም? «ስንት ሄክታር አለዎት?» ስትላቸው ሽማግሌው ኤርጎ እንዴት እንደሳቁብህ ረሳኸው? «ውኃ መቼ ሄደ? እሱ ሲሄድ ነው መሬት የማየው!» አሉህ እኮ።

መሬቱን ባዶ፣ ማለት ዜሮ ሳይሆን ገና ያልታወቀ፣ መሆን የሚችል የአስርዮሽ ቁጥር ብለህ አውጀው። ባዶ ከሆነ ሰውየው ውኃው እስኪሸሽ ይጠብቅ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እስካሁን ያልመለስኩልህ ኔትዎርክ ጠፍቶ ነው ያልኩህ ውሸት ነበር። ይህንንም ደብዳቤ የምልከው በጭነት መኪና ሹፌሩ በአብዱሰላም እጅ ነው፤ ሀዋሳ ማክሰኞ ይገባል። ሥራችሁን የምታቀርቡት ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው። ሁለታችሁም መምህራኑ ፊት ስታፍሩ በሐሳቤ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን የታየኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ላብ ሲያጠምቅህ።

ስለዚህ ነገ ደውዬ ስህተቱን እነግርሃለሁ። ደብዳቤውን ግን አልቀደውም፤ ክፋቴንም እወቅልኝ። እንዳለፈው እሁድ ስልክህን ሰብለ አንስታ «ተገኝ እጁን እየታጠበ ነው፣ ምሳ ቀርቧል» ካለችኝ ግን አንዲት ቃል አልነግራትም፤ እዘጋዋለሁ።

ጌታ በሥራህ ሁሉ ይርዳህ፤ ከሴት ዓይንም ይሰውርህ።

ያንተው ብቻ፣
ሊድያ