አጽናፈ ዓለም ቢቀዘቅዝም ግራ እጅህን አንሳ

ይድረስ ለምወድህም ለምቆጣህም አባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? እንቅልፉስ እሺ አለህ? ወገብህስ እንዴት ነው? ምግብ በደንብ ትበላለህ ወይስ ዛሬም "ጨው አንሶታል" እያልክ እማዬን ታማርራታለህ? አንደበትህ ደህና መሆኑን እንኳ ሳልጠይቅም ሰምቻለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ብርዱም ለምዶኛል።

እማዬ ሁሉን በስልክ ነግራኛለች። ስትሮኩ ከመታህ ወዲህ ግራ እጅህን እንድታሠራበት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠችህን ኳስ አልጋ ሥር ወርውረኸዋል አሉ። ምክንያትህንም ሰማሁ። ሬዲዮ ላይ ስለ አጽናፈ ዓለም መጨረሻ ሲወራ አዳምጠህ፣ "ፀሐይ ልትጠፋ፣ ከዋክብት ሁሉ ሊከስሙ፣ እኔ ጣቴን ባንቀሳቅስ ለማን ሊረባ ነው?" ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ባለሙያዋ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ካልሠራህበት እጁ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል ብላለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴ ቅጥል አለ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሰበብ አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ግን ካንተ ሌላ አላየሁም። ያም ሆኖ በማላውቀው ነገር ልሞግትህ አልፈለግሁም። ከእኔ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየ የፊዚክስ አስተማሪ አለና ሄጄ ጠየቅሁት።

ሰውየው ነገር ማስረዳት ሲጀምር ሻዩን ይረሳል። ያን ቀንም ረሳውና በኋላ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ "ይኸውልሽ፣ አንደኛው መጨረሻ ይሄ ነው" አለኝ። ትኩስ ሻይ ውሎ ውሎ ከክፍሉ ጋር እኩል እንደሚሆነው፣ አጽናፈ ዓለምም እየሰፋና እየቀዘቀዘ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም ነገር እኩል ይበርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚንቀሳቀስ፣ የሚሠራ ነገር አይኖርም ይላሉ። አብዛኞቹ ምሁራን ወደዚህኛው ያዘነብላሉ። ሌሎቹ ደግሞ መስፋቱ አንድ ቀን ቆሞ ሁሉም ወደ ኋላ ይሰበሰብና እርስ በርሱ ይደፈጠጣል ብለው ያስባሉ። ጨለማ ኃይል የሚሉት፣ ምንነቱ ገና ያልታወቀ ገፊ ነገር አለ፤ እሱ እየበረታ ከሄደ መጀመሪያ ከዋክብቱን ይበትናል፣ ኋላም ድንጋዩን ራሱን ይተረትረዋል የሚሉም አሉ። የቱ ነው እውነቱ ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀና ምሁራኑ ገና እየለኩ ነው አለኝ። ፀሐይ ግን አምስት ቢሊዮን ዓመት ያህል ይቀራታል። ለእጅህ የቀረው እስከ ክረምት ነው፤ አንተ የምታለቅሰው ለፀሐይ ነው።

እሺ፣ ብርዱ ያሸንፍ እንበል። እኔ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነኝ፣ ይሄን ነገር ለእኔ የሚነግረኝ የለም። እኛ መጋዘን ሞተሩ ሙቀቱን ከውስጥ እየጎተተ ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሞተሩ ከቆመ ውስጡና ውጭው እኩል ይሆንና ዕቃው ይበላሻል። ሞተር ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ መቆሙ አይቀርም። ታዲያ አልጠግነውም? ደግሞስ ይሄን ማን አስተማረኝ? ጎርፉ በየክረምቱ የሚንደውን የጓሮውን ግንብ በዚያው ድንጋይ መልሰህ ስትሠራ፣ ጎረቤቱ "ጎርፍ ለሚንደው ነገር ምን አደከመህ?" ቢልህ፣ "እስኪንደው ድረስ ግንብ ነው" ብለህ አፉን ያስያዝከው አንተ አይደለህም? እኛ ልጆችህ ስንት ክረምት ከዚያ ግንብ ጀርባ በደረቅ ፍራሽ ተኝተናል።

ሰሞኑን የሆነውን ደግሞ ስማ። እኛ ጋ አንድ ሰው በረዶ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ የብረት ቱቦውን ያንኳኳል። ውስጥ ያለው መልሶ ማንኳኳት አለበት። የክፍሉ ማራገቢያ ቆሞ ነበርና ልጠግነው ገባሁ፤ በር ላይ ሽማግሌው መካኒክ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ድካም ተጫነኝና ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። እንዴት ይጥም መሰለህ! እሱ ሲያንኳኳ መመለስ አስጠላኝ። እንደ ምንም ተነሥቼ በመፍቻዬ መታሁት፤ ግን የመታሁት ጠዋት ራሴ ቅዝቃዜው እንዳይባክን ወፍራም ስፖንጅ የጠቀለልኩበትን ሌላ ቱቦ ነበርና ድምፅ የሚባል አልወጣም። ሽማግሌው በሩን በርግዶ ካፖርቱን እንኳ ሳይቆልፍ እየተሳደበ ገባ። የሞትኩ የመሰለው ሰው ፈርቶ አልሸሸም፣ ሊጎትተኝ መጣ። አለቀስኩ አባዬ። ያለቀስኩት ስለ ራሴ አይደለም፤ ሳጥኑ ላይ የተቀመጥከው አንተ መስለኸኝ ነው።

ስለዚህ አሁን በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሁድ እደውላለሁ። እማዬ ስልኩን ከአልጋው ብረት ታስጠጋልሃለች፤ አንተ በግራ እጅህ ታንኳኳለህ። ድምፁ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፣ እኔ በወፍራም በር ውስጥ መስማት የለመድኩ ነኝ። ዝም ካልክ ጓዜን ጠቅልዬ መጥቼ ኳሱን ከአልጋው ሥር ራሴ አወጣዋለሁ። አልሞት ባይ ተጋዳይ የሆንኩት ከማን ወርሼ እንደሆነ ታውቃለህ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። አክስቴን ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉልኝ፣ ጆሮዋ ደከም ብሏል። ታናሽ ወንድሜን፣ ያን ቀበጥ፣ ሬዲዮኑን ከራስጌህ አንሥቶ መስኮቱ ላይ እንዲያኖረው ንገሩት። ለግራ እጅህም ለብቻው ሰላምታ አቅርብልኝ። እሁድ መልሱን ከራሱ እጠብቃለሁ።

ግትሯ ልጅህ
ከመጋዘኑ በር ላይ
የካቲት ፰ ቀን