የድንቅቱ በር

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አሥራ አንደኛውን መጽሐፍ ጨረስኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ሠላሳ መሙላት አለበት። ይደርሳል? ይደርሳል።

ዛሬም የንባብ ክበቡ አባላት በዱርሲቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተሰበሰብን። መስከረም ላይ አሥራ አንድ ነበርን። አሁን አራት። ቡራዩ እንዳለ ቤት ይሠራል፣ የሚያነብ የለም። ሕጋችን ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁሉም በየሳምንቱ ካነበበው መጽሐፍ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል፣ ማንነቱን ያወራል፣ እኛ እንደ እንግዳ እንጠይቀዋለን። ያላነበበ ይሰረዛል። ይሄ አራተኛው ሕግ ነው። የጻፍኩት እኔ። ሰባቱንም የሰረዝኩት እኔ።

ተድላ አርፍዶ መጣ። ከሰበታ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ የሰፈሩን ልጅ የኤልቃናን ክንድ ይዞ። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ እንደ ሽማግሌ... መኪናዋንም ሸጧታል። "ደከመኝ" ይላል። ማን ያልደከመው አለ?

ከመጽሐፉ ያመጣት ሴት ግን... ድንቅቱ ትባላለች። የሱሉልታ ሴት። ቤቷ ለመንገድ ሲፈርስ በሩን ብቻ አስነቅላ ወሰደች። በተከራየችበት ሁሉ ግድግዳ ላይ ታስደግፈዋለች። ሲመሽ ትቆልፈዋለች።

"ከኋላው ግድግዳ ነው እኮ፣ ለምን ትቆልፈዋለች?" አለች ዱርሲቱ።

"እሱ ጋ ገና አልደረስኩም" አለ ተድላ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ቤተ ሙከራ። አሥራ ሁለት የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬያቸውን ልንለካ በማሽኑ ሰበርን። አምስቱ ወደቁ። "ኢንጂነር፣ ትንሽ እኮ ነው የጎደለው" ይለኛል ተቋራጩ። ትንሽ ብሎ ጉድለት የለም። ፈርሜ መለስኩበት።

ድንቅቱ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ባለፈው ቅዳሜ ተድላ ባወራው ላይ አከራይዋ "በሩን ሽጪልኝ" አላት። "ቤቱንም አብረህ ትገዛለህ?" አለችው። ኤልቃና በሳቅ ሞተ። ዱርሲቱ ደንበኛ አቁማ ማሽኑን አጥፍታ ነበር የምትሰማው። እኔ ያመጣሁትን ሰውዬ ማንም ምንም አልጠየቀውም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ድንቅቱ በሩን ቀለም ቀባችው። አረንጓዴ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የድንቅቱን መጽሐፍ አገኘሁት! ተድላ አንዴ ርዕሱን ሲጠራ መዝግቤ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ከታች ጎትቶ አወጣልኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ለምን እንደምትቆልፈው ከሁሉም ቀድሜ ላውቅ ነው። እንደ ልጅ ቸኮልኩ... በኔ ዕድሜ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ድንቅቱ የለችም።

ሁለቴ ፈለግኳት። ሱሉልታ የለም። በር የለም። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ አንድ የጉምሩክ ሹም ነው። አላነበበም። ሁለት ወር ሙሉ ሲዋሸን ነበር። እኔ ዓይኔ እስኪቀላ አነባለሁ፣ እሱ ፈጥሮ ያወራል!

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

"ተድላ፣ ድንቅቱ ገጽ ስንት ላይ ናት?"

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ገጽ ስንት ላይ ናት?"

"ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ዲሪርሳ፣ ይተዉት" አለች ዱርሲቱ። አልተውኩትም። ሦስተኛም ጠየቅኩ።

ተድላ መጽሐፉን በእጁ ፈልጎ አገኘው። ሽፋኑን ዳበሰው። "ገጽ የላትም" አለና ተነሳ። ወንበር መታው። ኤልቃና ሮጦ ክንዱን ያዘው። በሩ ላይ ሲደርሱ ልጁ ዞሮ፣ "ጋሼ ተድላ ከጥቅምት ጀምሮ አያዩም እኮ" አለኝ። "የዓይን ግፊት ነው።"

ሄዱ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?" አልኳት ዱርሲቱን።

"ከእርስዎ በቀር ማን ያላወቀ አለ?"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕግ በጣቷ አሳየችኝ። አራተኛውን።

ክንድ ይዞ ሲገባ ያየሁት እኔ አይደለሁም? ማየት የሚችለው ማን ነበር?

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ተድላ ከዛሬው ጋር አምስት ቅዳሜ ቀረ። ስልክ አያነሳም። ሰበታ ሄድኩ።

ባለቤቱ ብርሃነሽ ወንበር ሰጥታኝ ወጣች። ተድላ ግን ድምፄን ሰምቶ፣ "አካም፣ እንዴት ነዎት ተቆጣጣሪው! ሊሰብሩኝ መጡ?" አለኝ። አንቱ አለኝ። በሠላሳ ዓመት ወዳጅነታችን ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ድንቅቱ ምን ሆነች?" አልኩት።

"የለችም አላልክም? የት ትኑር?"

ይቅርታ አልኩ መሰለኝ። አላልኩም ይሆን? "እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ አነብልሃለሁ፣ የሰማኸውን እንዳነበብክ እቆጥርልሃለሁ" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። እቆጥርልሃለሁ! አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ሳቀ። "እሺ፣ አንብብ" አለ።

ይዤ የሄድኩትን መጽሐፍ ጀመርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ትራሱን አስተካከለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የኅትመት ስህተት አገኘሁ... አንድ ፊደል። አለፍኩት? አላለፍኩትም። ቆምኩ። ብዕር አወጣሁ። አራሚዎቹን ረገምኩ። ቀና ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ይብቃን፣ ዲሪርሳ።"

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ኤልቃናም ቀረ። ዱርሲቱ ከማሽኑ ጀርባ የነበሩትን ወንበሮች አነሳች፤ የስልክ ሽፋን ልትደረድርበት ነው። "እርስዎ ቢመጡ መቆሚያ አያጡም" አለችኝ። ሕጉ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ሠላሳኛውን ጨረስኩ። የመጨረሻው ቀን ላይ፣ አንድም ሳይጎድል። ያሸነፍኩት ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መጽሐፍ፣ ደራሲ፣ ሰው፣ ገጽ። ሁሉም ተሞልቷል። አንድ ነጋዴ አለ፣ ገጽ 88። ምን አድርጎ ነበር? አንዲት ነርስ፣ ገጽ 140... ፊቷም አይመጣልኝም። ሠላሳ ሰው መዝግቤ አንዱንም አላውቀውም።

ሠላሳ አንደኛ መስመር አሰመርኩ። ሰው፦ ድንቅቱ። ደራሲ፦ ተድላ። ገጽ የሚለውን ባዶ ተውኩት።

ደወልኩለት። ብርሃነሽ አነሳች። "ተኝቷል" አለችኝ። ከቀኑ በአሥር ሰዓት።

እንግዲያው ድንቅቱን እኔው ልቀጥላት ብዬ ተቀመጥኩ። ለምን እንደምትቆልፈው ላውቅ። ሦስት መስመር ጻፍኩ።

በሦስተኛው መስመር ላይ፣ በኔ እጅ፣ በሩን ሸጠችው።