ሦስቱ ድምፅ ድሬዳዋ፣ ሁለቱ አይሻ፦ የአቶ ጥሩሰው በዛብህ ሕይወት

አቶ ጥሩሰው በዛብህ ከአባታቸው ከአቶ በዛብህ ገብረወልድና ከእናታቸው ከወ/ሮ በለጠች ሣህሉ በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው በከተማዋ ተከታትለው በ1946 ዓ.ም. የምድር ባቡር የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆኑ። በ1954 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺአረግ ነጋ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ጥሩወርቅንና ይርገዱን አፍርተዋል።

ጋሼ ጥሩሰው የተበላሸ ሬድዮ ካዩ እጃቸው አያርፍም ነበር። ከአይሻ ጣቢያው ባልደረባቸው ከአቶ ሂርሲ ወርሳሜ ጋር ሆነው በባቡሩ የስልክ ሽቦ ተገናኝተው የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው አንድ ይሁን እንጂ ሣጥኑ ሁለት ነው፤ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች የሦስቱ ቁልፍ ድሬዳዋ፣ የሁለቱ አይሻ። አቤት ተንኮላቸው! አንዱ ያለ አንዱ ዘፈን እንዳይወጣለት ብለው ነው። እሑድ እሑድ መስመሩ ሥራ ሲፈታ፣ አንዳቸው እዚህ አንዳቸው እዚያ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ምሳ ይዘው የሚሄዱት ወ/ሮ የሺአረግም አብረው ያዳምጣሉ።

በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተቆረጠ። አቶ ሂርሲም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጅቡቲ ሄዱ ከመባል በቀር ወሬያቸው ጠፋ። ጋሼ ናፍቆቱ ሲጠናባቸው ሣጥኑን ቤት አምጥተው ሦስቱን ድምፅ ብቻ ይነካኩ ጀመር። የሰፈሩ ጠባቂዎች ይህንን ሰምተው ለጠላት የሚላክ ምልክት ነው ብለው ከነሣጥኑ ወደ ጥበቃ ቤት ወሰዷቸው። ዘፈን ነው ቢሉ ማን ይመን? በሦስት ድምፅ ምን ዘፈን አለ! ያን ጊዜ ወ/ሮ የሺአረግ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና፣ ባለቤታቸው ሲነኩ የጎደሉትን ሁለቱን በድምፃቸው እየሞሉ ዘፈኑን ከዳር አደረሱት። ጠባቂዎቹ ራሳቸው አጨበጨቡ፤ ጋሼም ተለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ቁልፍ ይጨምሩበትና ይገላገሉ ያላላቸው የለም። ሠሪው እሳቸው፣ ዕቃው በእጃቸው። እሳቸው ግን፣ ሂርሲ የመጣ ዕለት ምን ሊነካ ነው እያሉ ቦታውን እስከ መጨረሻው ባዶ ተዉት። እኛም እንስቅባቸው ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባልደረቦቻቸው መርዶውን በስልክ ከጣቢያ ጣቢያ እየተቀባበሉ ጅቡቲ አደረሱት። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ ዛሬ ንጋት በባቡር የደረሱት ወንድማቸው አቶ ሂርሲ ወርሳሜ ሐዘንተኛ ሆነው አጠገባችን ቆመዋል።

ልብዎን የሚያውቅ አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ጋሼ፣ የጠበቋቸው ሰው መጥተዋል።