ታናሹን የመግደያ ቀጠሮ

ቶኪዮ፣ ኔሪማ
ሐሙስ ጠዋት፣ ሰኔ 13

ለተከበርሽውና ገና ላልተወነጨፍሽው እህቴ ለሚዙሆ፤

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ነገር ግን ወደ ጠፈርተኞች የቅድመ በረራ ማቆያሽ የሚገባውን ወረቀት ሁሉ ካንቺ በፊት አንድ ሐኪም እንደሚያየው ነግረሽኛል፤ በሐኪም ፊት ደግሞ መዋሸት አልወድም። (ዶክተር፣ እንደምን አደሩ። በአልኮል ሲያብሱት ቀለሙ ይለቃልና ቀስ ይበሉ።) ደህና አይደለሁም። ከነጋ ወንበሬ ላይ ረግቼ አልተቀመጥኩም። ሻይ አፈላለሁ፤ እረሳዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ እደፋውና እንደገና አፈላለሁ። ብዕሬን አጥባለሁ። ንጹሕ ነው፤ ቢሆንም አጥበዋለሁ።

ለምን አትደውልም ትዪኝ ይሆናል። የሚፈቀዱልሽን ደቂቃዎች እማዬ ጠቅልላ ወርሳቸዋለች። ለእኔ የሚደርሰኝ «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» የሚለው ድምፅሽና ስልኩ ሲዘጋ ቀጭ የሚለው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ፣ የመጽሔቱ አርታዒ አቶ ኩጋ፣ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የማንጋውን፣ የዚያን የሥዕል ታሪኬን፣ ቀጣይ ክፍል ሊወስድ ይመጣል። ገጾቹ ሁሉ አልቀዋል፤ የመጨረሻው ብቻ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። ባዶ የሆነው ታናሹን እንድገድለው ስለታዘዝኩ ነው።

አትደንግጪ፤ የወረቀቱን ነው። ያ በ«ሁለት ወንበር ወደ ጨረቃ» ውስጥ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ጠፈርተኛ ልሁን ብሎ ዘጠኝ ዓመት ሲያደክመኝ የኖረው ልጅ ማለቴ ነው። አንቺ ለባልደረቦችሽ «እሱ እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ነው ወንድ ያደረገኝ» እያልሽ እንደምታሚኝ ሰምቻለሁ። ስንቴ ልንገርሽ? ወንድ ያደረገሽ አቶ ኩጋ ነው፤ «የወንድ ልጆች መጽሔት ነው፣ ወንድማማቾች ይሁኑ» ብሎ። እኔ የሰጠሁት አፍንጫውን ብቻ ነው፤ እሱም የራስሽ ነው።

እንደምታውቂው መጽሔቱ ውስጥ ፖስታ ካርድ አለ። አንባቢ የወደደውን ታሪክ ጽፎ ይልካል፤ ያልተወደደ ይባረራል። ይህ ፍርድ ቤት ጠበቃ የለውም፤ ይግባኝም አያውቅም፤ ዳኞቹ የቤት ሥራቸውን ያልሠሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። እኛ ደግሞ ከጸደይ ጀምሮ ቁልቁል ነን። ከእኛ በታች የቀረው ስለ አንድ ጎመን አልሚ ሰይፈኛ የሚተርከው ታሪክ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለፈው ሳምንት ጎመኑ ተሰርቆበት አንሰራራ።

አቶ ኩጋ ካፌ ጠራኝ። የሜሎን ሶዳውን በስትሮ እየመጠጠ፣ ስኳር አቀብለኝ በሚል ድምፅ፣ ለደራሲ ሁሉ በሚሰጠው ማዕረግ ጠርቶኝ፣ «መምህር፣ እንግዲህ ታናሹን የምንገድልበት ጊዜ ደረሰ» አለኝ።

«ምን አጠፋ?»

«ችግሩ ምንም አለማጥፋቱ ነው። ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ሁሉም ሰላም። ለሰላም ማን ካርድ ይልካል? ሲመለስ መንኮራኩሩ ይቃጠል፤ ታላቁ ከመሬት ሆኖ ይየው። ዓመት እንኖርበታለን።»

«አቶ ኩጋ፣ ታናሹ እኮ እህቴ ናት።»

«እሳቸውማ መቶ ዓመት ይኑሩ! እኔ የምለው የወረቀቱን ነው። በእሳት ይሁን ወይስ አየር አጥሮት? እሱን እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ በደራሲ ነፃነት አልገባም።»

አስተናጋጇ የያዘችውን ማንኪያ ለቀቀችው። አቶ ኩጋ ዞር ብሎ፣ «አይዞሽ፣ ለሐሙስ ነው» ብሎ አረጋጋት።

እምቢ ካልኩ ማንጋው ይዘጋል። ይህን አልደበቀኝም፤ ጨዋ ሰው ነው።

እኔም «አስብበታለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ላደርገው ነበር። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ስንቱን ሰው በቀለም ገድዬ ማታ ኑድል በልቼ ተኝቻለሁ። ችግሩ እማዬ ናት።

አንቺ ከተመረጥሽ ጀምሮ ሃቺኖሄ ያለው ቤታችን የፈተና ተማሪ ያለበት ቤት ሆኗል። «መውደቅ»፣ «መንሸራተት»፣ «መሰበር» የሚባሉ ቃላት ገድሽን እንዳያበላሹ ደጃፉን አይረግጡም። ለአዲስ ዓመት ሄጄ ሲኒ ከእጄ ቢያመልጠኝ፣ «እማዬ፣ ሲኒው ወለል ላይ ዐረፈ» ብዬ ነገርኳት። ከጓዳ ሆና «ስንት ቦታ?» አለችኝ።

ማንጋውንም የምታነበው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ታናሹ እጁ የተሰበረበት ክፍል የወጣ ሳምንት ያንቺም እጅ ስለተሰበረ፣ ታናሹን የባሕር ላይ ልምምድ ሲያስመልሰው አንቺንም ስላስመለሰሽ፣ ከዚያ ወዲህ መጽሔቱን ገዝታ መጀመሪያ ከአባባ ፎቶ ፊት ታስቀምጠዋለች። አባባ አይቶ ሲጨርስ (መቼ እንደሚጨርስ የምታውቀው እሷ ናት) አንስታ ታነበዋለች።

በረራሽ እሑድ ነበር፤ ፍሎሪዳ ላይ ማዕበል ተነሳና ለሳምንት ተገፋ። መጽሔት ግን የአየር ትንበያ አይሰማም። ከሳምንታት በፊት ስዬ ያስረከብኩት፣ አቶ ኩጋ ከመወንጨፊያሽ ቀን ጋር እንዲገጥም በጣቱ ቆጥሮ ያስገባው ክፍል፣ ሰኞ ጠዋት ባለቀለም ገጹን ይዞ ሃቺኖሄ ከች አለ። እሳት፣ ጭስ፣ ሰማይ። ታናሹ ወጣ።

ከተማዋም ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ኦዳጊሪ ደንበኛውን ግማሽ ጢም አስቀርቶበት መጽሔቱን እያውለበለበ መንገድ ላይ ወጣ። የዓሣ ገበያው ሰዎች ለበዓል የሚመቱትን ከበሮ አወጡ። እማዬ ቀይ ባቄላ የገባበት የደስታ ሩዝ ቀቅላ ለሰፈሩ አደለች። አንድ ተጠራጣሪ «ቴሌቪዥኑ እኮ ተራዘመ ይላል» ቢል፣ ኦዳጊሪ «ቴሌቪዥን መቼ ቀድሞ ያውቃል? ወንድሟ ከውስጥ ነው የሚሰማው» ብሎ አፉን አስያዘው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«አየናት!»

«ማንን፣ እማዬ?»

«ሚዙሆን ነዋ! ወጣች እኮ። ፊቷ ትንሽ ወንድ ወንድ ይላል እንጂ ደህና ናት።»

«አልወጣችም። ማዕበል ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አውርተሻት የለም?»

«አውርቻታለሁ። ‹መሬት ላይ ነኝ› አለችኝ። እንዳልጨነቅ ብላ ነው። ድሮስ ጣሪያ ላይ ተሰቅላ ‹መኝታ ቤት ነኝ› የምትል ልጅ አልነበረች?»

«ስዕል እኮ ነው እማዬ።»

«እጇስ? እሱም ስዕል ነበር?»

ዘጠኝ ዓመት የሰው አፍ ላይ ንግግር ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው፣ ብዕሬን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ።

«እንግዲህ ወጥታለች፤ የቀረው መመለሷ ነው» አለች። «መልሳት። አደራ፣ በደንብ ሳላት። እግሯን ሁለቱንም ሳል፤ አንተ ስትቸኩል እግር ትተዋለህ።» (እውነቷን ነው። እግር መሳል የሚወድ ማንጋ ሠሪ የለም፤ ሁላችንም ሣርና ጭስ ውስጥ ነው የምንደብቀው።) ከዚያ «አባትህን የሚስልልኝ ሰው አልነበረም» አለችና ዘጋችው።

አሁን ሻይ ላፈላ ነው። ቆይ።

ተመልሻለሁ። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።

የዝናቡ ወቅት ገብቷል፤ መስኮቴ ላይ ያለው ውኃ ከተማውን አሟሙቶታል። እዚህ ቆሜ ያ ጣሪያችን ትዝ አለኝ። አባባ ባሕር ላይ ሲያመሽ ወጥተን፣ ዓሣ መሰሉን ስኩዊድ በብርሃን የሚያጠምዱትን ጀልባዎች መብራት አግድም ተደርድሮ እናየው ነበር። «የኔ መብራት ከጠፈር ይታያል፤ እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች ያዩኛል» ይል ነበር፤ አንቺም «እንግዲያው ሄደን እንየው» አልሽ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች አፍሽ ነው። ሁለት ወንበር እንደሚያስፈልግና ታላቅ ቀድሞ እንደሚወጣ የወሰንኩት እኔ ነበርኩ። በዚህ ውሳኔ እስከ ጠፈርተኞች ምርጫ ቀን ጸናሁ፤ ሐኪሙ የሚሽከረከረውን ወንበር አሳይቶኝ ገና ሳይነካው እስካስመለስኩ ድረስ። (ዶክተር፣ ያለ ምንም ማጋነን ነው።) አንቺ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ አሉ። እንግዲህ ታናሽ ቀድማ ትውጣ፤ አንዱ ወንበር በወረቀት ይሁን ብዬ ተስማማሁ።

አባባ ደግሞ ቤት በዋለ ቀን ከደጅ ስንገባ «መጣችሁ ወይ» ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ነበር። በነሐሴ ሙቀት እንኳ። ጀልባው ሳይመለስ የቀረ ሰሞን አንቺ በሩን በርግደሽ ትገቢና ቆመሽ ትጠብቂ ነበር። የሚናገርሽ ሰው ሲጠፋ ራስሽ ዘጋሽው። አይቼሻለሁ። ያኔ ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

እኩለ ቀን እየደረሰ ነው። ይቺን ገጽ ልይዛት፤ ደብዳቤው ይቆየኝ።

እነሆ በጥቁር ጣት እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አሻራ የእኔ ነው። አቶ ኩጋ መጥቶ ሄዷል።

ጃንጥላው ውኃ እያንጠባጠበ መግቢያው ላይ ቆሞ፣ አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ አነበበው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ አንድ እግሩ በካልሲ እንደቆመ ቀረ።

«መምህር፣ አልሞተም።»

«አልሞተም።»

«ሁለት እግር አለው።»

«ታዝዤ ነው።»

«በማን? እኔ ያዘዝኩት ሌላ ነው።»

«ከእርስዎ በላይ ባለ አለቃ።»

ረጅም ጊዜ ገጹን አየ። መንኮራኩሩ ሜዳ ላይ ዐርፏል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ታናሹ ሁለት እግሩን፣ ጣቱ ሳይቀር፣ ሣሩ ላይ አሳርፏል። ታላቁ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ባዶ ነበር።

«ይህን ካወጣን ማንጋው እዚህ ላይ ያበቃል» አለኝ። «ጎመኑ እንኳ ይበልጠናል። ያውቁታል?»

«አውቃለሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!» ብሎ ተቆጣ። መሀረቡን አውጥቶ ጃንጥላውን መጥረግ ጀመረ፤ ከዚያ በዚያው መሀረብ አፍንጫውን ጠረገ፤ ሰውየው ለካ ታናሹን ይወደው ኖሯል። «ቢያንስ ታላቁ አንድ ነገር ይበል። ባዶ ክብ ማተሚያ ቤት አላስገባም። ያቅፈው፣ ያልቅስ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ ይበለው!»

እዚያው ጫማ ማስቀመጫው ላይ አጎንብሼ ጻፍኩት። አቶ ኩጋ አንብቦ ቀና አለ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሰው ከሰማይ መጥቶ?»

«ታላቅ ወንድም ነው፣ አቶ ኩጋ።»

አንገቱን ነቅንቆ ሁለተኛ ጫማውን ሳያወልቅ፣ የመጀመሪያውን አጥልቆ ሄደ። ገጾቹን ዝናብ እንዳይነካቸው ኮቱ ውስጥ ከቷቸው ነበር፤ ጃንጥላውን እኔ ጋ ረስቶታል።

ስለ እኔ አታስቢ። ብዙ ዕረፍት አገኛለሁ፤ ምናልባት ስለ ጎመን መሳል እማራለሁ።

አሁን ስሚኝ። ክፍሉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ መደብር ሲደርስ አንቺ እዚያ ላይ ትሆኛለሽ። እማዬ ከአባባ ፎቶ ፊት ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ታነበዋለች፤ ከዚያ መጣች ብላ ሩዝ ትቀቅልና በር በሩን ታያለች። ሩዙ ትንሽ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ እሱን እኔ አስረዳታለሁ። ከዚያ ያለፈውን ግን ማስረዳት አልችልም። የእርማት ማስታወቂያ የማወጣበት መጽሔት ከእንግዲህ የለኝም። በዘመኔ ሁሉ በወረቀት ዋሽቻለሁ፤ ይህችን አንዷን እንዳታስዋሺኝ።

ሥራሽ ይቅናሽ። መቀመጫሽ ይመችሽ፤ እንቅልፍም ይውሰድሽ እንደለመድሽው። ምሽት ላይ ከእኛ ባሕር በላይ ስታልፊ ወደ ታች ተመልከቺ፤ የስኩዊድ ጀልባዎቹ አሁንም ያበራሉ። አንዱን መርጠሽ የአባባ ነው በይ፤ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእኔ ብቻ ስትመጪ ትነግሪኛለሽ።

ታላቁ ምን እንዳለ ጠይቀሽኝ እንደሆነ፣ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ነው ያለው።

እዚህ ክፍት ነው፤ መጥተሽ ዝጊው።

ወንድምሽ ዮሺቴሩ